የእንግሊዝኛ ቋንቋ ክበብ፦ ከአንድ ቃል ጋር የከረምንበት ዓመት

በ2017 የትምህርት ዘመን መጀመሪያ ላይ ክበባችን በየወሩ አንድ ርዕስ እያነሳ ለመወያየት አቅዶ ነበር። ዕቅዱን ያስለወጠን በጥቅምት የደረሰብን ነገር ነው። ለአንድ የክርክር ውድድር በእንግሊዝኛ የተላከልን ጥሪ ሰዓቱን «12 ፒ.ኤም.» ይላል። ሁለቱ ተከራካሪዎቻችን አሥራ ሁለት ሰዓትን በእኛው አቆጣጠር ወስደውት ለማታ ሲዘጋጁ ውድድሩ በቀትር ተካሂዶ አለቀ። አንደኛዋ ልጅ አለቀሰች። እኔም ጥሪውን ቀድሜ አይቼው ስለነበር እጅግ አዘንኩ።

በቀጣዩ ረቡዕ እንደተለመደው በዘጠኝ ሰዓት ስንሰበሰብ ሰሌዳው ላይ አንድ ቃል ብቻ ጻፍኩ፤ «ኑን»፣ እኩለ ቀን ማለት ነው። «ፒ.ኤም.» ከላቲን የተወረሰ ምህጻረ ቃል ሲሆን ትርጉሙ «ከቀትር በኋላ» ነው። ቀትር ራሱ ግን ከቀትር በፊትም በኋላም ሊሆን አይችልም። ጠንቃቃ የእንግሊዝኛ ጸሐፊዎች ስለዚህ ነው ለቀኑ «12 ኑን»፣ ለሌሊቱ «12 ሚድናይት» ብለው የሚለዩት። ጥሪው ላይ ይህች ቃል ብትኖር ልጆቻችን ባልቀሩ ነበር።

«አት ኑን» እንደሚባልና «ኢን ዘ ኑን» እንደማይባል፣ ከሰዓት በኋላ ሲሆን ግን «ኢን ዚ አፍተርኑን» እንደሚባል ተማሪዎቹ በአንድ ቀን ያዙት። ያስቸገረን «እስከ» ነው። «እስከ እኩለ ቀን ጨርስ» እና «እስከ እኩለ ቀን ቆይ» ስንል አማርኛችን አንዱን «እስከ» ለሁለቱም ያውለዋል። እንግሊዝኛው ለመጀመሪያው «ባይ ኑን»፣ ለሁለተኛው «አንቲል ኑን» ይላል። ከቀትር በፊት በማንኛውም ሰዓት ቢፈጸም የሚበቃው «ባይ» ነው፤ ሳያቋርጥ እስከዚያ የሚዘልቀው «አንቲል»። ሦስት ሳምንት ከለፋን በኋላ አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ መላ አገኘ። «እስከ» ፊት «ቢዘገይ» የሚለውን አስገቡ፤ ካስኬደ «ባይ» ነው። «ቢዘገይ እስከ እኩለ ቀን ጨርስ» ያስኬዳል፣ «ቢዘገይ እስከ እኩለ ቀን ቆይ» አያስኬድም። በአሥራ ሁለት ዓመት የማስተማር ሥራዬ ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላገኘሁም፤ አሁን በሁሉም ክፍሎቼ የማስተምረው በእርሱ ነው። ከታናናሾቹ አባላት አንዷ ደግሞ «ኑን» በትልልቁ የእንግሊዝኛ ፊደል (NOON) ሲጻፍ ከግራም ከቀኝም አንድ ዓይነት እንደሚነበብ፣ ወረቀቱ ቢዘቀዘቅም እንደማይለወጥ አሳየችን።

ክበቡን የለወጠው ግን የቃሉ ታሪክ ነው። «ኑን» የመጣው በላቲን ዘጠነኛ ከሚለው «ኖና» ነው። ሮማውያን የቀኑን ሰዓት የሚቆጥሩት ፀሐይ ከምትወጣበት ጀምረው ስለነበር ዘጠነኛው ሰዓት የሚውለው ዛሬ ፈረንጆች ሦስት ሰዓት በሚሉት ላይ ነው። የጥንቱ እንግሊዝኛ ቃል የሚያመለክተውም ያንኑ ሰዓትና በዚያ ሰዓት የሚደረሰውን ጸሎት ነበር። መነኮሳቱ በጾም ቀን እህል የሚቀምሱት ከዚያ ጸሎት በኋላ በመሆኑ ጸሎቱም ምግቡም እየቀደመ መጣ፤ ብዙ የቃላት ታሪክ አጥኚዎች የሚያስረዱት እንዲህ ነው። በ14ኛው መቶ ዓመት ቃሉ በእኩለ ቀን ላይ ረግቷል።

ይህን ስናገር አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ይሄማ የአያቴ ተሲዓት ነው» አለች። አያቷ በጾም ተሲዓት ሳይደርስ እህል አይቀምሱም። ልክ ነበረች። ተሲዓት በግዕዝ ዘጠኝ ከሚለው የመጣ ነው፤ በቤተ ክርስቲያንም የዘጠኝ ሰዓት ጸሎት አለ። ሁለቱ ቃላት ዘጠኝ ከሚል ቁጥር ተወልደው አንዱ ወደ ስድስት ሰዓት ሲሸሽ የእኛው በቦታው ቀርቷል። በመጽሐፍ ቅዱስ ጌታ በመስቀል ላይ የጮኸበት ዘጠኝ ሰዓትም ለአማርኛ አንባቢ ማብራሪያ አያሻውም፤ ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት የሚያሳየው ያንኑ ነው። እስከዚያ ቀን ልጆቹ ለውጭ አገር ሰው ሰዓታችንን ሲያስረዱ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው ይሽቆጠቆጡ ነበር። ይህ ሲቆረቁረኝ ስለኖረ በዚያ ረቡዕ የተሰማኝን ደስታ አልደብቅም።

ትምህርት ቤታችን ፒያሳ በመሆኑ የጊዮርጊስ ደወልም የበኒ መስጊድ አዛንም ግቢያችን ድረስ ይሰማሉ። አንድ ሙስሊም አባላችን ዙህር፣ ማለትም የቀትሩ ሶላት፣ የሚገባው ፀሐይ ከአናት ዘንበል ስትል መሆኑን ነግሮን፣ ታዲያ አዛኑ ለምን ልክ በስድስት ሰዓት አይሰማም ሲል ጠየቀ። መልሱን በዓይናችን ለማየት አንድ ሜትር እንጨት ባንዲራ መስቀያው አጠገብ ተከልን። ሰኞ ሚያዝያ 6 ደመና ሆኖ ምንም አላየንም። ማክሰኞ ግን ጥላው እያጠረ፣ እያጠረ ሄዶ ከጣት ስፋት የማይበልጥ ሆነ። ሰዓቱ ስድስት ከሃያ አምስት ነበር። የአገራችን ሰዓት የሚሠራው በ45ኛው የኬንትሮስ መስመር ነው፤ መስመሩ የሚያልፈው በሶማሌ ክልል በኩል ነው። አዲስ አበባ ከዚያ ስድስት ዲግሪ ከሩብ ያህል ወደ ምዕራብ ትርቃለች፤ ለአንድ ዲግሪ አራት ደቂቃ ሲታሰብ ሃያ አምስት ደቂቃ ይመጣል። ሳምንቱ ሰሞነ ሕማማት ስለነበር እንጨቱን ከበው ከቆሙት ብዙዎቹ ምሳቸውን አልበሉም፤ ተሲዓትን እየጠበቁ ነበር።

ፀሐይ በአዲስ አበባ አናት ላይ የምትመለሰው በነሐሴ 23 አካባቢ ነው። ያኔ ክረምት ነው፣ ትምህርት ቤቱም ዝግ ነው። ሠፈሩ ቅርብ የሆነ አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ ግን እንጨቱ እንዳይነቀል ጥበቃውን ጋሼን ለምኖ፣ ደመናው ከገለጠ በስድስት ሰዓት ከሩብ እንዲያስገቡት ቃል አስገብቷቸዋል።