“ለጉንፋን ደግሞ መርፌ?”

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ሜሪላንድ ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል በነርስ ረዳትነት እሠራለሁ። ባለፈው ጥቅምት የኢንፍሉዌንዛ ክትባት የያዙ ነርሶች ጋሪ እየገፉ ክፍላችን ድረስ መጡ። ከእኛ ሰዎች ግማሹ ሹልክ አለ። “ለጉንፋን ደግሞ መርፌ? ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት እያለ!”

ቋንቋችንም ትንሽ ሳያሳስተን አልቀረም። አፍንጫ ለሚያፈሰውም፣ አልጋ ላይ ለሚጥለውም “ጉንፋን” ነው የምንለው። ኢንፍሉዌንዛ ግን ሳንባ ድረስ ወርዶ ሊገድል ይችላል።

አንዷ ባልደረባዬ “አምና ተወግቼ ነው የታመምኩት” አለችኝ። በመርፌ የሚሰጠው ክትባት ሕይወት ያለው ቫይረስ የለውም፤ ኢንፍሉዌንዛ ሊያሲዝ አይችልም። ክንድ ያማል፣ አንድ ሁለት ቀን ሊያተኩስም ይችላል። ደግሞ መከላከል እስኪጀምር ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈልጋል። በዚያ መሀል የተያዘ ሰው መርፌውን ቢወቅስ አይገርምም።

እኔን ያሳመነኝ ሌላ ነገር ነው። የካንሰር መድኃኒት የሚወስዱ አንዲት ታካሚ እናት አሉኝ። ደግፌ ሳነሳቸው ፊቴ ከፊታቸው አንድ ስንዝር አይርቅም። ኢንፍሉዌንዛ ደግሞ ምልክቱ ከመታየቱ አንድ ቀን ቀድሞ ይተላለፋል። ደህና ነኝ ብዬ ገብቼ ላስይዛቸው እችላለሁ ማለት ነው።

ለአለቆቻችንም አንድ ነገር ልበል። ጋሪው ቀን መጥቶ ቀን ይሄዳል። የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ ያን ጊዜ ቤቱ ተኝቷል። እኛ የምንገባው ከምሽቱ አንድ ሰዓት ነው፤ ያኔ ብቅ በሉ። አማርኛ የሚችል ነርስ ካለም አብሮ ይምጣ።

አንዲት የሌሊት ሠራተኛ