ለሰሜን ሸዋ ዞን ግብርና መምሪያ፦ የመስኖ ተራ ሲወጣ የማሳው ሙቀትም ይታይ

የተከበራችሁ የመምሪያው ኃላፊዎች፣

በሸዋ ሮቢት ዙሪያ የበጋ መስኖ ሲጀመር ክርክሩ አብሮ ይጀመራል። ከቦዩ ራስ ያለው ገበሬ «በተራዬ ነው ያጠጣሁት» ይላል፤ ከጫፍ ያለው ጫፉ የነደደ የሽንኩርት ቅጠል ይዞ ይመጣል። የውሃ ተራ የሚያስከብሩት የውሃ አባት ከዓይናቸውና ከልምዳቸው በቀር መለኪያ ሳይኖራቸው ይዳኛሉ። ወደ ቦዩ የገባውን ውሃ መለካት አያስቸግርም። ሰብሉ የጠጣውን ግን የሚናገረው ትነቱ ነው፤ ትነቱም ከማሳው የገጽ ሙቀት ሊገመት ይችላል።

እንስራ ውሃ የሚያቀዘቅዘው ስለሚያልበው ነው፤ ውሃ የጠገበ ሰብልም እንዲሁ ነው። አንድ ሊትር ውሃ ሲተን 2.45 ሜጋ ጁል ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ውሃ ያጣ ማሳ ይህ መውጫ ስለሌለው ይግላል። ስሌቱም ከፀሐይ ከተገኘው ኃይል ላይ አፈሩንና አየሩን ያሞቀውን መቀነስ ነው፤ የተረፈው ለትነት የዋለው ነው። የምድሩን የገጽ ሙቀት ከሰማይ የሚያነሱት ላንድሳት 8 እና 9 የተባሉ ሳተላይቶች ሁለቱ ተደምረው በየ8 ቀኑ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ያልፋሉ። የላንድሳት ምስል እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በነጻ ይገኛል፤ ስለዚህ አዲስ በጀት አልጠይቅም፣ አንድ የሠለጠነ ባለሙያና የማይቆራረጥ ኢንተርኔት እንጂ። (ሁለተኛው ከመጀመሪያው ሳይከብድ አይቀርም።)

ከምስሉ የሚሠራው የትነት ካርታ ግን በጭፍን አይነበብ። ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር፣ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። ደጋው የቀዘቀዘው ውሃ ጠጥቶ ሳይሆን ደጋ ስለሆነ ነው፤ ማነጻጸሪያው ከዚያው ከቆላው ይወሰድ። በክረምት ደመናው ስለሚጋርድ አገልግሎቱ ለበጋ ነው። ከሁሉም በላይ ሙቀቱን የሚያነሳው መሣሪያ አንዱ ነጥብ 100 ሜትር በ100 ሜትር ነው፤ ይህ አራት ጥማድ መሬት ነው። ባለ አንድ ጥማዱን ገበሬ ከጎረቤቱ ለይቶ አያሳይምና ማንንም ለመክሰስ እንዳይውል እለምናችኋለሁ። የቦዩን ራስ ከቦዩ ጫፍ ጋር ለማነጻጸር ግን ይበቃል።

ጥያቄዬ በሚመጣው በጋ በቀወት ወረዳ በአንድ ቦይ ብቻ እንድትጀምሩ ነው። ካርታው የውሃ ተጠቃሚዎች ለተራ ድልድል ሲሰበሰቡ በቀበሌው ይለጠፍ። ያላመነ ካለ ከውሃ አባቱ ጋር አካፋ ይዞ ይውረድና አፈሩን ቆፍሮ ይይ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የመስኖ ባለሙያ፣ ከሸዋ ሮቢት