«ብቻቸውን» አልነበሩም

ለአዘጋጁ፣

ስለ ጎርፉና ስለ ጤና ተቋማት ዝግጁነት ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አምቡላንሱ መዘግየቱ እውነት ነው። መንገዱ መቆረጡም እውነት ነው። «የሠለጠነ ባለሙያ ከወረዳ እስኪደርስ ነዋሪዎቹ ብቻቸውን ነበሩ» የሚለው ግን ከየት መጣ? በዚያች ቀበሌ 11 ዓመት የሠራሁ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ነኝ። እኔ ታዲያ ምን ነበርኩ? ጎርፉ ያመጣው ግንድ?

በዚያ ሌሊት ምጥ የያዛትን እናት በቃሬዛ አሸክሜ ዳገቱን የወጣሁት እኔ ነኝ። እርጉዝ የማን ቤት እንዳለች፣ የቲቢ መድኃኒት ማን እንደጀመረ ማንንም አልጠየቅሁም። የየቤቱ ሰው ጤና የሚመዘገብበትን የቤተሰብ ፎልደር የሞላሁት በእግሬ ዞሬ ነዋ! ዘገባችሁ ደግሞ «ተጋላጭ ቤተሰቦችን የሚለይ ዘመናዊ ሥርዓት ያስፈልጋል» ይላል። ሥርዓቱ እኮ ጣሪያው በሚያፈስ ጤና ኬላ፣ በፌስታል ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ፌስታሉን የገዛሁትም እኔ ነኝ።

በነጋታው አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) እንዳይነሳ የውሃ ማከሚያውን «ውሃ አጋር» ሳድል ዋልኩ። ለወረዳ የደወልኩት በራሴ ካርድ ነው። ሥልጠና ሲመጣ አበል የሚበላው ቢሮ ያለው ሰው ነው፤ እሱን ተዉት።

«የሠለጠነ» ስላላችሁት። ይህ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሴቶች፣ አንድ ዓመት አሠልጥኖ መመደብ ነበር ሐሳቡ። ዓመቱን ሙሉ ጥልፍ ስንማር ነበር እንዴ?

አደጋ ሲመጣ የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት የሚይዘው እዚያው ያለ ሰው ነው። በሐምሌ 2016 በደቡብ ኢትዮጵያ ጎፋ ዞን የሆነውን አስታውሱ። ናዳው የቀበራቸውን ለማውጣት የሮጡት በአካባቢው የነበሩ ናቸው፤ ሁለተኛው ናዳ በላያቸው ወረደ። ከሞቱት ውስጥ መምህራን፣ የጤናና የግብርና ባለሙያዎች ነበሩበት። ከከተማ የሚመጣ መኪና አልጠበቁም። እናንተ የጻፋችሁት መፍትሔ ግን ከተማ ላይ የሚገነባ ማዕከል ነው። ይገንባ፤ አልጠላሁም። ጤና ኬላዬ ግን እስከ ዛሬ የቧንቧ ውሃ የላትም። እጃችሁን ታጠቡ ብዬ የማስተምረው ከጄሪካን እየቀዳሁ ነው።

ለነገሩ ለዘጋቢያችሁ መሻገሪያውን ያሳየሁት እኔው ነኝ። ፎቶው ላይ በስተግራ፣ ቦቲ ያደረገችው። ከሥሩ «ከጎርፉ የተረፈች ነዋሪ» ተብሎ ተጽፏል። እሱንም አርሙልኝ።