የመሥራች ርዕሰ መምህር ሥራ ከሕንፃው ይበልጣል

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መሥራች ርዕሰ መምህር ጡረታ ሲወጡ ወይም ሲያርፉ የሚወጣው የሕይወት ታሪክ የትውልድ ዘመናቸውንና ያሠሯቸውን ሕንፃዎች ዘርዝሮ ያበቃል። ዋናው ሥራቸው ሳይነሳ መቅረቱ ያሳዝነናል።

አዲስ ትምህርት ቤት ብዙውን ጊዜ በ9ኛ ክፍል ብቻ ተከፍቶ በ4ኛው ዓመት 12ኛ ይደርሳል። መሥራቹን መጀመሪያ የሚፈትናቸው የክፍለ ጊዜ ድልድል ነው። 4 ሴክሽን በሳምንት 35 ክፍለ ጊዜ ቢማር በድምሩ 140 ይሆናል፤ አንድ መምህር 25 ከያዘ 6 መምህራን የሚበቁ ይመስላል። ግን አይበቁም። ፊዚክስ በሳምንት 4 ጊዜ ከተሰጠ መምህሩ የሚደርሰው 16 ብቻ ነው፤ ለቀሪው 9 ሌላ ትምህርት መደረብ አለበት። ሁለት ትምህርት አጣምሮ የሚያስተምር ካልተገኘ ርዕሰ መምህሩ ራሳቸው ጠመኔ ይዘው ይገባሉ።

ሌላው ሮስተር፣ ማለትም የተማሪዎች ስም ዝርዝር የሚሰፍርበት መዝገብ ነው። በምዝገባ ቀን የአያት ስም ከተዘለለ ወይም የልደት ዘመን ከ8ኛ ክፍል ካርድ ጋር ካልተመሳከረ ስህተቱ ተደብቆ ይቆይና ለ12ኛ ክፍል ፈተና ሲመዘገቡ ይወጣል፤ ያኔ ተማሪው ማጥኛ ጊዜውን በማስረጃ ፍለጋ ይጨርሳል። ጠንቃቃ መሥራች እያንዳንዱን ካርድ ከመዝገቡ ጎን አስቀምጠው ፊደል በፊደል ያስተያያሉ።

እንዲህ ያለ የሕይወት ታሪክ ስታዘጋጁ የመጀመሪያውን ዓመት የክፍለ ጊዜ ሰሌዳና ሮስተር ጠይቃችሁ እንድትመለከቱ፣ ሰሌዳውን ሲያወጡ አብረው የነበሩ መምህራንንም እንድታነጋግሩ እንጠይቃለን።

ከመምህራን