ማታ ማታ ለጠበቃችሁኝ ሁሉ

ይድረስ ለደብረ ማርቆስ ጎረቤቶቼ፣ ለማኅበርተኞቼ፣ ለደንበኞቼ፤ እንዲሁም ከደጀንና ከፍኖተ ሰላም እየደወላችሁ "እንዴት ሆንክ?" ስትሉኝ ለከረማችሁ ዘመዶቼ።

ጤና ይስጥልኝ።

እንደምታውቁት ክብደት ለመቀነስ የጨጓራ ኦፕራሲዮን ካደረግሁ ዓመት አልፎኛል። አሁን በሱቄ በር የሚያልፍ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። "አላመመህም?" ይለኛል። አላመመኝም ብል እዋሻለሁ። ግን እሱ አለፈ፣ ቁስሉም ደረቀ። እኔን ያስቸገረኝ ሌላ ነው። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ያለው ጊዜ ነው ያስቸገረኝ። ስለዚህ ምስጋናዬም የሚበዛው በዚያ ሰዓት አጠገቤ ለነበራችሁት ነው። አትቀየሙኝ።

በቅድሚያ ግን አዲስ አበባ ላሉት ሐኪሞቼ። ስኳሩም ግፊቱም ተደራርበው ደረጃ መውጣት አቅቶኝ ነበር የሄድኩት። ቀዶ ሐኪሙ ወረቀት አውጥተው ጨጓራ ሳሉልኝ። ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆነውን አጥቁረው "ይኼ ይወጣል" አሉኝ። የቀረው ሙዝ የሚያህል ነው። ግሬሊን የሚባለው ረሃብ የሚቀሰቅስ ሆርሞን በብዛት የሚመነጨው ከሚወጣው ክፍል ስለሆነ፣ መጀመሪያ ላይ ረሃቡ ብዙ አያስቸግርዎትም አሉ። ቀጥለው ፈገግ ብለው፣ "ጨጓራዎን እንጂ ጭንቅላትዎን አልነካውም፤ እሱን እርስዎ ይዩት" አሉኝ። ያኔ ቀልድ መስሎኝ ስቄ ወጣሁ።

እንዳሉትም ሆነ። የመጀመሪያዎቹ ወራት ምግብ የሚባል ነገር ትዝ አይለኝም ነበር። ቀጭን ሾርባ ነው፣ ከዚያ የተፈጨ፣ ከዚያ ለስላሳ። አንድ ማንኪያ፣ ትንሽ ዕረፍት፣ ሌላ ማንኪያ። ውኃ ደግሞ ከምግብ ጋር የለም፤ ግማሽ ሰዓት ይጠበቃል። ይህን ሁሉ ያለ ችግር ተወጣሁት።

ወራት ካለፉ በኋላ ነው ነገሩ የመጣው። እራቴን በልቻለሁ። ጠግቤያለሁ። ሆዴ ምንም አላለም። አፌ ግን ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አልቻለም። ገብስ ከሽምብራ ጋር የተቆላ ቆሎ፣ ሱፍ ጣል ጣል ያለበት፣ ውል ውል ይለኛል። ቴሌቪዥኑ ሲከፈት እጄ ራሱ ትሪ ይፈልጋል። ሱቅ ያለው ሰው ደግሞ ፈተናው እጥፍ ነው። ከጀርባዬ ብስኩት፣ ከጎኔ ቺፕስ፣ ከፊቴ ከረሜላ። ስንት ዓመት ሙሉ ሒሳብ ስሠራ ጎን ለጎን ስቆረጥም የኖርኩ ሰው ነኝ።

የሥነ ምግብ ባለሙያዋን እዚህ ላይ ላመስግን። በስልክ ደውዬ "ማታ ማታ አምሮት ገደለኝ" አልኳት። ምን እንዳማረኝ ትጠይቀኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ "ዛሬ ቀን ላይ ምን በሉ?" አለችኝ። የገበያ ቀን ነበር። ሱቁ ሰው ስለሞላ ቁርስ ላይ ትንሽ ቀማምሼ፣ ምሳን በሻይ አልፌዋለሁ። "ታዲያ ማታ ሰውነትዎ ቢጠይቅዎ ምን ይገርማል?" አለች። ከዚያ ወዲያ በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን ማግኘት እንዳለብኝ፣ ለዚህች ትንሽ ጨጓራ ይህ የሚሞላው ከጠዋት ከተጀመረ ብቻ እንደሆነ ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ። እንቁላል፣ አይብ፣ ዶሮ፣ ዓሣ፣ ምስር። ቀኑ በደንብ ሲያዝ ማታው በግማሽ ቀለለልኝ።

ሌላም አስተማረችኝ። ብስኩት፣ ቺፕስና ፈንዲሻ አፍ ውስጥ ሟሙተው ሹልክ ብለው ስለሚወርዱ፣ የተቆረጠ ጨጓራም ቢሆን ጠገብኩ አይልም። አንድ እንቁላል የማይጨርስ ሰው አንድ ፓኬት ብስኩት ሊጨርስ ይችላል። ኦፕራሲዮኑን ቀስ በቀስ የሚያሸንፈውም ይኸው ነው። ስለዚህ ማታ ሲያምርህ "የተቀቀለ እንቁላል ቢሰጡኝ እበላለሁ?" ብለህ ራስህን ጠይቅ ነው ነገሩ። እበላለሁ ካልክ ርቦሃል፣ ብላ። "አይ፣ ቺፕስ ብቻ" ካልክ ግን እሱ አምሮት ነው። ይህን ለሱቅ ደንበኞቼም እነግራለሁ፤ ነጋዴ ሆኖ ዕቃ አትግዙ የሚል ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ባለቤቴ ሆይ፣ አንቺን በምን ቃል ላመስግንሽ? እራቴን የስኒ ማስቀመጫ ላይ አድርገሽ ስታቀርቢልኝ አንድ ቀን አልሳቅሽብኝም። ቆሎውን ከሳሎን አንስተሽ ጓዳ፣ ከላይኛው መደርደሪያ አስቀመጥሽው። ልጆቹን ግን አልከለከልሽም። እነሱ ምን በደሉ? ቀን ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ይቆረጥማሉ፤ ማታ ትሪው አይወጣም። ለእኔ የጦስኝ ሻይ ያለ ስኳር ይፈላል። ትኩስ ነገር በሁለት እጅ ይዞ ፉት ማለት እጅንም አፍንም ሥራ ያስይዛል። ሃያ ደቂቃ ከታገሡት ደግሞ አብዛኛው አምሮት ያልፋል። ሻዩ ሲያልቅ "በል ጥርስህን ቦርሽ" ትይኛለሽ፣ እንደ ትንሽ ልጅ። ሳልወድ እስቃለሁ፣ እቦርሻለሁ፣ ያ ቀን ይዘጋል።

ሱቅ ውስጥ የሚያግዘኝ ልጅም አይረሳኝም። "ጋሼ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ ሱቁን እኔ እይዘዋለሁ፤ እርስዎ ይግቡ" ያለኝ ራሱ ነው። ማንም አላዘዘውም። ትልቋ ልጄ ደግሞ የቫይታሚኖቼ አዛዥ ናት። ብረትና ካልሲየም አብረው አይዋጡም፣ ሁለት ሰዓት መራራቅ አለባቸው። ይህን እሷ ታውቃለች፣ እኔ እረሳለሁ። ዕድሜ ልክ የሚወሰድ ነገር ስለሆነ እሷ ስትዳር ማን እንደሚያስታውሰኝ እንጃ።

ጎረቤቶቼ፣ የማታውን ቡና ስለ እኔ ብላችሁ ወደ ዐሥር ሰዓት አመጣችሁት። ጎጃም ውስጥ የቡና ሰዓት ማስቀየር ማለት ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ከሁሉም የኋላ በር ጎረቤታችን እትዬ ናቸው የሚገርሙኝ። እሳቸው ሰው ሳያጎርሱ ማደር አይችሉም። አሁንም ልማድ ሆኖባቸው ዳቦውን ቆርሰው "በሞ—" ይላሉ። እኔን ያያሉ። ቃሉን መልሰው ይውጡታል። ቁራሹን አጠገቤ ላለው ሰው ያጎርሱና "አንተ ደግሞ ውኃህን ጠጣ" ይሉኛል። እትዬ፣ ያ የዋጡት "በሞቴ" ከስንት ድግስ ይበልጥብኛል።

እናቴንም ላመስግን፣ ምንም እንኳ እስከ ዛሬ ባታምንበትም። በእሷ ዓይን ልጇ ከስቷል፣ ልጇን ሰው በልቶታል። ፀበል እንድጠመቅ አድርጋለች፤ ተጠምቄያለሁም፣ ምን ይጎዳኛል? ግን ከመንደር ስትመጣ የምታመጣውን ማር ትታ አይብ ይዛ መምጣት ጀምራለች። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ከእናቴ ሌላ "ይህ ሰው ስኳሩ ጨረሰው" እያላችሁ ያወራችሁ ሰዎች ደግሞ አላችሁ። እናንተንም እግዜር ይስጥልኝ፤ ስኳሩ እንኳ መድኃኒቱ ተቀንሶልኛል።

ለነፍስ አባቴ። ኦፕራሲዮኑ ከጥምቀት በኋላ ስለነበር ዐቢይ ጾም የገባው ገና ሾርባ ላይ ሆኜ ነው። ወተትና እንቁላል ታዞልኛል። ተጨንቄ ስሄድ "ሐኪምህ ያዘዘህን ብላ፣ መድኃኒትህ ነው" አሉኝ። በኋላ ረቡዕና ዓርብን ስጀምርም ከሐኪሜ ጋር ተማክሬ እንድይዘው የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆዱን የዋለ ሰው ማታ ዓይኑ አይሞላም፤ ይህን ጾም የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። አሁን በጾም ቀን ወፈር ያለ ሽሮና ምስር ቀድሞ ይዘጋጅልኛል።

ማኅበርተኞቼ፣ አረቄ ስታቀርቡ ብርጭቆዬን ገልብጣችሁ የምታልፉኝ፣ ክበሩልኝ። ከዚህ ኦፕራሲዮን በኋላ መጠጥ ቶሎ ደም ውስጥ ይገባል። ሐኪሞቹ አጥብቀው ከልክለውኛል። ምክንያቱን አንድ ጊዜ ነገርኳችሁ፣ ሁለተኛ አልጠየቃችሁኝም።

አምሮቱ አሁንም ይመጣል። ትናንትም መጥቶ ነበር፤ ዝናብ ነበር፣ ጎረቤት ቆሎ ይቆላል፣ ሽታው በመስኮት ገባ። ባለቤቴ ተነሥታ መስኮቱን ዘጋችው።

በመጪው ወር በ21 የማርያም ዝክር ተራው የእኔ ነው። ሁላችሁም ኑ። ጠላው ይጠነሰሳል፣ ዳቦው ይደፋል፣ ቆሎውም ይወጣል፤ እንግዳ በባዶ አፍ አይሸኝም። እኔን ብቻ በሞቴ አትበሉኝ። እትዬ፣ እርስዎ ከእኔ ራቅ ብለው ይቀመጡ።

ብድራችሁን እግዜር ይክፈልልኝ።

አክባሪያችሁ፣ ባለ ሱቁ
ደብረ ማርቆስ