ሁለት ሺህ ዓመት ስለተባለለት ቴኳንዶ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በስፖርት ገጻችሁ ስለ ቴኳንዶ የወጣውን ጽሑፍ በደስታ ማንበብ ጀምሬ ገና መግቢያው ላይ ተደናቀፍኩ። «ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት በጥንታዊት ኮሪያ ተዋጊዎች የተጀመረ» ይላል። በጸሐፊው አልፈርድም። እኔም በወጣትነቴ ለቀበቶ ፈተና ስቀርብ ይህንኑ በቃሌ ይዤ፣ ሲላ የተባለውን የጥንት ኮሪያ መንግሥት እና ሁዋራንግ የሚባሉትን ወጣት መኳንንት እየጠራሁ አልፌያለሁ። አሠልጣኜም ከአሠልጣኛቸው የሰሙትን ነበር ያስተማሩኝ።

ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ቴኳንዶ የሚለው ስም የወጣው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ቀድመውት የነበሩት «ኩዋን» የሚባሉት ማሠልጠኛዎችም ቢሆኑ ብዙ አልቀደሙትም። ቹንግ ዶ ኩዋንን በ1944 የከፈተው ሊ ዎን ኩክ ጃፓን ሲማር ከጊቺን ፉናኮሺ ካራቴ የሠለጠነ ሰው ነበር። የሶንግ ሙ ኩዋኑ ሮ ብዩንግ ጂክም የዚያው መምህር ደቀ መዝሙር ነው። በስሙ አውጪነት የሚታወቁት ጄኔራል ቾይ ሆንግ ሂ ራሳቸው ካራቴን የተማሩት ጃፓን ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይሠሩ የነበሩት ፓተርኖችም (በቅደም ተከተል ተያይዘው የሚሠሩ የእንቅስቃሴ ልምምዶች) በኮሪያኛ አጠራር የሚጠሩ የካራቴ ፓተርኖች ነበሩ።

ይህ ለምን ተሸሸገ? ጃፓን ኮሪያን ከ1910 እስከ 1945 ገዝታለች፤ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ቋንቋቸውን ከትምህርት ቤት አስወጥታ ስማቸውን ሳይቀር በጃፓንኛ እንዲለውጡ አስገድዳለች። ከዚህ የወጣ ሕዝብ «የምኮራበትን ጥበብ ከገዢዬ ተማርኩት» ማለት ቢተናነቀው አይገርምም። አባትሽ ማን ነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው እንዳለችው በቅሎ፣ ሩቅ ዘመድ ፍለጋ ተሄደ። ጎጉርዮ በተባለው ሌላ የጥንት ኮሪያ መንግሥት ዘመን መቃብር ግድግዳ ላይ እጃቸውን አንሥተው የሚተያዩ ሁለት ሰዎች ተሥለው ተገኙ፤ ቴኳንዶ ነው ተባለ። በ1790 በንጉሥ ጆንግጆ ትእዛዝ የተዘጋጀው የጦር ስልት መጽሐፍም በማስረጃነት ቀረበ፤ ስለ ባዶ እጅ ፍልሚያ የሚናገረው ክፍሉ ግን በቻይናዊው ጄኔራል ቺ ጂጓንግ ሥራ ላይ የተመሠረተ ነው። ቴክዮን የሚባል እውነተኛ የኮሪያ የእርግጫ ጨዋታ አለ፤ ሶንግ ዶክ ጊ የተባሉ አዛውንት ከመጥፋት አትርፈውት በ2011 በዩኔስኮ መዝገብ ሰፍሯል። የስሞቹ መመሳሰል ታስቦበት የተደረገ ነው እንጂ የኩዋኖቹ ሥልጠና ከእሱ የተቀዳ አልነበረም።

ሁልጊዜ የሚገርመኝ «ጁንግ ጉን» የሚባለው ፓተርን ነው። የተሰየመው በ1909 የጃፓኑን መሪ ኢቶ ሂሮቡሚን ተኩሶ በገደለው በአን ጁንግ ጉን ስም ሲሆን፣ በሞት ሲቀጣ በኮሪያ አቆጣጠር 32 ዓመቱ ስለነበረ 32 እንቅስቃሴ አለው። ይህን ሁሉ በፈተና አስረድቻለሁ። ጃፓንን የተበቀለውን ጀግና የምናከብርበት አቋቋምና አመካከት ግን አብዛኛው ከጃፓን ካራቴ የመጣ መሆኑን የነገረኝ አልነበረም።

ጃፓኖችም ቢሆኑ በዚህ ነገር ንጹሕ አይደሉም። ካራቴ ቀድሞ የራሷ መንግሥት የነበራት የኦኪናዋ ደሴት ነው፤ ስሙም ቀድሞ «የቻይና እጅ» በሚል ፍቺ ይጻፍ ነበር። በ1930ዎቹ፣ ከቻይና ጋር በተፋጠጡበት ዘመን፣ ድምፁን ሳይነኩ ፊደሉን ለውጠው «ባዶ እጅ» አደረጉት። ኮሪያውያን የሠሩት እነሱ ገና የፈጸሙትን ነው።

በኮሪያ ውስጥም ቢሆን ታሪኩ እንደ መንግሥቱ ይገለባበጣል። ጄኔራል ቾይ በ1966 ሴኡል ላይ ዓለም አቀፉን ፌዴሬሽን መሠረቱ፤ ከፕሬዚዳንት ፓርክ ቹንግ ሂ ጋር ተጣልተው በ1972 ካናዳ ገቡ። በማግስቱ ዓመት ሴኡል የራሷን ሌላ የዓለም ፌዴሬሽን አቋቋመች። ቾይ ደግሞ በ1980 ጥበቡን ሰሜን ኮሪያ አስገቡ፤ ቆየት ብሎም «ኮ ዳንግ» የተባለው ፓተርን ወጥቶ «ጁቼ» የሚባል ተተካ፤ የኪም ኢል ሱንግ ርእዮተ ዓለም ማለት ነው። በአገራችን «ወርልድ» እና «ኢንተርናሽናል» እየተባባልን በሁለት ፌዴሬሽን የምንሠለጥነው የዚያ ጠብ ርዝራዥ ደርሶን ነው፤ ብዙ ሠልጣኝ ግን የእርግጫ ስልት ልዩነት ብቻ ይመስለዋል።

እውነተኛው የኮሪያውያን ፈጠራ በዚህ ተረት መሸፈኑ ያሳዝነኛል። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ወጣቶቻቸው ደረት መከላከያ አጥልቀው፣ ምታቸውን ሳይቆጥቡ እየተማቱ፣ ከካራቴ ፈጽሞ የተለየ፣ እግር የሚገዛው ውድድር ፈጠሩ። በ2000 ሲድኒ ላይ ኦሊምፒክ የገባው ይኸው ነው። ዕድሜው ከብዙዎቹ አንባቢዎቻችሁ አባት አይበልጥም።

ስለዚህ በሚቀጥለው እትማችሁ «ሁለት ሺህ ዓመት» የሚለውን እንድታርሙት እጠይቃለሁ። ከጽሑፉ ጎን የወጣው የመቃብር ሥዕል ግን ያምራል፤ መግለጫውን ብቻ ለውጡት።

የቀድሞ የቴኳንዶ ሠልጣኝ
አዲስ አበባ