ስልኩ ይቀዳል፣ የሚመልስላት ግን ማነው?

ለአዘጋጁ፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የአያቶቻቸውን ቋንቋ ከመጥፋት ለማዳን ስለሚሯሯጡ የነባር ሕዝቦች ወጣቶች ያወጣችሁትን ጽሑፍ እዚሁ ሸዋ ሮቢት ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ወደድኩት። ቅር ያለኝ አንድ ነገር ነው። ከኒውዚላንድ እስከ አላስካ ስትዞሩ ከርማችሁ እኛ ደጅ ስትደርሱ ቸኮላችሁ። አርጎብኛን «የአማርኛ ዘዬ» ብላችሁ በአንድ መስመር አለፋችሁት።

እናቴ የአርጎባ መንደር የሆነችው የሾንኬ ልጅ ናት። ስለዚህ ትንሽ ብናደድ አይፈረድብኝም።

አርጎብኛና አማርኛ እህትማማች ናቸው። እህት ከእህቷ አትወለድም። በአማርኛ እኛ ሐመሩን «ሐ» እና ብዙኃኑን «ኀ» እንጽፋለን እንጂ አንለያቸውም። ግእዝ «ሐመድ» ያለውን «አመድ» ብለን ጨርሰናል። አርጎብኛ ግን ያን የዋጥነውን «ሀ» በብዙ ቃላት ላይ ዛሬም ይጠራዋል። የእህቴን ልጅ አንድ መምህር «የአያትህ ቋንቋ የተበላሸ አማርኛ ነው» ብለውት ነበር። የተበላሸው እሱ ከሆነ እኛ የጣልነውን ድምፅ ከየት አመጣው?

በእኛ አካባቢ ቋንቋው እንዴት እንደጠፋ ለማወቅ ወደ አልዩ አምባ መውረድ ነው። ከአንኮበር ቁልቁል ናት። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከሐረርና ከባሕሩ ጠረፍ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ የሚያራግፍባት ትልቅ ገበያ ነበረች። አርጎባ ነጋዴ ነው፣ ሸማኔም ነው። ነጋዴ ደግሞ የደንበኛውን አፍ ይለምዳል። ደጋ ሲወጣ አማርኛ፣ ወደ ሌላው ገበያ ሲወርድ ኦሮምኛ። የራሱ ቋንቋ መጀመሪያ ቤት ቀረ። ቀጥሎ ከቤትም ወጣ። በ1987 ዓ.ም. ሕዝብ ሲቆጠር አርጎባ ነኝ ያለው ከ62 ሺህ ይበልጥ ነበር። አፍ መፍቻዬ አርጎብኛ ነው ያለው ግን 10 ሺህ ገደማ ብቻ። ቋንቋው ደህና ሆኖ የተረፈው እነሾንኬና ጦለሃ ነው፣ ከከሚሴ ወጣ ብሎ፣ ተራራ ላይ።

ሾንኬን ያያችሁ ታውቁታላችሁ። የድንጋይ ቤቶቹ ገደሉ አፋፍ ላይ ተደራርበው የተቀመጡ ናቸው። ያ ዳገት ሲያደክም ነው የኖረው። ቋንቋውን ያቆየው ግን እሱ ሳይሆን አይቀርም።

እናቴ እዚህ ተድራ ስትመጣ አርጎብኛዋን ይዛ ነው የመጣችው። ያስጣልናት እኛ ልጆቿ ነን። ከጎረቤት ልጆች ጋር ሆነን እንስቅባት ነበር። አንድ ቀን አቆመች። አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም፣ ዝም ብላ በአማርኛ ቀጠለች። እኔ ያኔ እንኳን አላስተዋልኩም።

አሁን የእህቴ ልጅ ደረሰና ስልኩን ይዞ ከፊቷ ተቀመጠ። «እማማ፣ ቁጠሪ። እማማ፣ ውሃ ምን ይባላል? እሳትስ?» ትመልስለታለች። ግን እንደተፈተነ ተማሪ ነው። አንዱን ትላለች፣ ታስባለች፣ «ኧረ ረስቼዋለሁ፣ ምን ያደርግልሃል?» ትላለች። ልጁ ሁለት ሳምንት ሞክሮ የተንጠባጠቡ ቃላት ብቻ ያዘ።

ከዚያ አንድ ቀን ታናሽ እህቷ ከሾንኬ ደወለች። እናቴ ስልኩን ላውድ አድርጋ ወጥ እያማሰለች ማውራት ጀመረች። ምን ልበላችሁ! ረሳሁት ያለችው ሴትዮ እንደ ጎርፍ ወረደች። ሳቁ፣ ተቆጡ፣ ሰው አሙ። ስለ አንዲት ላም ይመስለኛል ረጅም ክርክር ገጠሙ። ልጁ ማድ ቤቱ በር ላይ ተለጥፎ በሌላ ስልክ ቀዳው። አርባ ደቂቃ። ከሁለቱ ሳምንት ሥራ ያ ይበልጣል።

ለካ አልረሳችም። የምታናግረው ሰው አጥታ ነው።

ልነግራችሁ የፈለግኩት ይህንን ነው። ጽሑፋችሁ ላይ ያሉት ወጣቶች አብዛኞቹ ቀረጻና አፕሊኬሽን ላይ ናቸው። ጥሩ ነው፣ አልቃወምም። ጎጃም ውስጥ ይነገር የነበረው ጋፋትኛ ዛሬ የሚታወቀው ሰው ስለጻፈው ነው። ዎልፍ ሌስላው የሚባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1947 ብዙ ለፍቶ ያገኘው አራት ተናጋሪ ነው። እሱ ባይደርስ ኖሮ ያም አይኖርም ነበር። ግን በጋፋትኛ ዛሬ ልጁን የሚቆጣ ሰው የለም። መጽሐፍ ላይ ነው ያለው።

ራሳችሁ የጠቀሳችኋቸው የኒውዚላንድ ነባር ሕዝቦች፣ ማኦሪዎች፣ ሌላ መንገድ ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ1982 ሕፃናቱን ቋንቋውን ከሚያውቁ አሮጊትና ሽማግሌዎች ጋር ቀኑን ሙሉ የሚያውሉበት መዋያ ከፈቱ። ስሙ «የቋንቋ ጎጆ» ማለት ነው። ሃዋይም ከሁለት ዓመት በኋላ ተከተለች። እዚያ በቋንቋቸው ማስተማር እ.ኤ.አ. በ1896 ተከልክሎ ስለነበር መዋያው ሲከፈት ሃዋይኛ የሚናገሩ ልጆች 50 እንኳን አይሞሉም ነበር ይባላል። መዝገበ ቃላት ታቅፈው አልተቀመጡም። አያትና ሕፃን አንድ ክፍል አስገቡ፣ አለቀ።

እኛ ጋ ይህን ለመጀመር ትልቅ በጀት አያስፈልግም። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 39 ላይ ቋንቋህን ተናገር፣ ጻፍ፣ አሳድግ ይላል፣ የሚከለክል የለም። ሮቢት ውስጥ ከሾንኬና ከጦለሃ የተዳሩ እናቶች እናቴ ብቻ አይደለችም። አንዷ ቤት ቡና ይፈላ። ልጆች ይግቡ። አማርኛ በር ላይ ከጫማ ጋር ይቀመጥ። ጋዜጣችሁ ደግሞ እንዲህ ያሉ እናቶችን ቤት ድረስ ሄዶ ቢያነጋግር ደስ ይለኛል። በሚቀጥለው ጽሑፋችሁ ላይም «ዘዬ» የሚለውን «ቋንቋ» በሚለው አርሙልኝ። ይህንን እንደ ውለታ እቆጥረዋለሁ።

የእህቴ ልጅ አሁን መጠየቁን ትቶ መናገር ጀምሯል። ባለፈው ዓርብ ከስግደት መልስ ውሃ ጥሙ ይዞት መጣና አያቱን በአርጎብኛ ለመናት። አጠራሩ አልጣማትም። ሦስት ጊዜ አስደገመችው። ጆጉን እጇ ላይ ይዛ ትስቃለች። በአራተኛው ሰጠችው።

አንባቢያችሁ፣
ከሸዋ ሮቢት